የዴንማርክ ወንበር ቤዥ የሆነው መቼ ነው?

"ስካንዲኔቪያን ስታይል" ሲባል አብዛኛው ሰው ጭንቅላት ውስጥ የሚመጣው ነገር ያው ነው፣ ነጭ ግድግዳ፣ ግራጫ ሶፋ፣ ፈዘዝ ያለ እንጨት፣ ጥግ ላይ አንድ አረንጓዴ ተክል፣ አለቀ። ሶሻል ሚዲያው ላይ ይሄ ጉዳይ ሰውን ለሁለት ከፍሎ ማነታረክ ከጀመረ ቆየት ብሏል፣ አንዱ ወገን ቤዡ (የአሸዋ የመሰለው ፈዛዛ ቀለም) በዛ ቤቱም ክሊኒክ መሰለ ብሎ "ዶፓሚን ዲኮር" ወደሚባለው (ደስ ያሰኛል ተብሎ ቤትን በደማቅ ቀለም መሙላት ማለት ነው) ሲሄድ፣ ሌላው ደግሞ ስካንዲኔቪያኖቹ ያስተማሩን እርጋታ ነው፣ ለምን ታበላሹታላችሁ ይላል። የሚገርመው ግን ሁለቱም ወገን ሳያውቁት አንድ ነገር ላይ ተስማምተዋል፣ ስካንዲኔቪያን ማለት ቀለም አልባ ማለት ነው ብለው።

ዴንማርክ ላይ ስንደርስ ይሄ ነገር አይሰራም። ከ1940ዎቹ መጨረሻ እስከ 1970 ድረስ ባለው ጊዜ (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ከዛች ትንሽ አገር የወጡት ወንበሮች ውስጥ ልብ የሚመስል ቀይ ወንበር አለ፣ እንቁላል የሚመስል ወንበር አለ፣ እግር የሌለው ወንበር አለ፣ ከጣሪያ ላይ የሚንጠለጠል ወንበር አለ። እነዚህ ደግሞ ተደብቀው የቀሩ አይደሉም፣ ዛሬም እየተመረቱ የሚሸጡ፣ ኮፒ የሚደረጉ፣ ፍርድ ቤት የሚያካክሱ ዕቃዎች ናቸው።

ታዲያ ቀለሙና ቅርጹ ከየት መጣ? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ "ስልሳዎቹ ናቸዋ፣ ሂፒ ነው፣ ፖፕ ነው" የሚል ነው። ትንሽ እውነት አለው ግን ግማሹን ታሪክ ይዘለዋል፣ ምክንያቱም ለውጡ የጀመረው ከዛ በፊት፣ ወንበር የሚሰራበት መንገድ ላይ ነው። መጋጠሚያው ሲጠፋ ቅርጹ ነጻ ወጣ፣ እንጨቱ ከዓይን ሲጠፋ ደግሞ ቀለም የግድ መመረጥ ያለበት ነገር ሆነ። የተቀረው ታሪክ በአብዛኛው ከዚህ የሚከተል ነው።

ወንበር ማለት መጋጠሚያ ነበር

ኮረ ክሊንት የሚባለው አርክቴክት በ1924 ኮፐንሃገን በሚገኘው የንጉሣዊው የሥነ ጥበብ አካዳሚ ውስጥ የቤት ዕቃ ትምህርት ክፍል ሲከፍት ተማሪዎቹን የሚያስተምራቸው አዲስ ነገር እንዲፈጥሩ አልነበረም። የሰው አካል ይለካል፣ ጥሩ የሚባል አሮጌ ወንበር ይለካል፣ እንግሊዝም ይሁን ቻይና ተቀምጦበት የተፈተነ ቅርጽ ካለ እሱን ይዞ የማያስፈልገውን መቀነስ ነው። ከ1927 እስከ 1966 ድረስ ደግሞ የኮፐንሃገን እንጨት ሰሪዎች ማህበር በየዓመቱ ኤግዚቢሽን ያዘጋጅ ነበር፣ እዛ ላይ አንድ አርክቴክት ከአንድ ዎርክሾፕ ጋር ይጣመርና የሰሩትን ያቀርባሉ። የዴንማርክ ወንበር ያደገው እዚህ ነው።

የእንጨት ወንበር ቶሎ የሚሞተው የት ላይ እንደሆነ አናጺ ብትጠይቁ መጋጠሚያው ላይ ነው ይላችኋል። ወንድና ሴት ተደርጎ የተቦረቦረው ቦታ ሲላላ፣ ኮላው ሲለቅ፣ ወንበሩ መወዛወዝ ይጀምራል። ስለዚህ በእንጨት የሚያስብ ዲዛይነር ቅርጽ ሲያወጣ መጀመሪያ የሚያስበው እግሩ ከመቀመጫው ጋር፣ መደገፊያው ከክንድ ማሳረፊያው ጋር እንዴት እንደሚገናኝ ነው፣ ቅርጹ የዛ ጥያቄ መልስ ነው ማለት ይቻላል።

ሃንስ ቬግነር በ1949 የሰራው ክብ ወንበር ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው (አሜሪካኖች ሌላ ስም ሳይጨምሩ "ወንበሩ" ብቻ ብለው የጠሩት፣ ኬኔዲና ኒክሰን በ1960 ቴሌቪዥን ላይ ሲከራከሩ የተቀመጡበት)። የመጀመሪያው ቅጂ ላይ መደገፊያው የተጋጠመበትን ቦታ ቬግነር በሸምበቆ ጠቅልሎ ሸፍኖት ነበር። በኋላ ላይ ጥቅሉን አነሳውና መጋጠሚያውን ልክ ጣቶች እርስ በርስ ሲቆላለፉ እንደሚሆነው ዚግዛግ አድርጎ ለዓይን ገለጠው። ጉድለት የነበረው ነገር ጌጥ ሆነ። እዚህ ላይ ቀለም ቢቀባ ምን ይሆናል? የተለፋበት ነገር ይደበቃል። ስለዚህ በዛ አስተሳሰብ ውስጥ እንጨቱ በዘይት ታሽቶ ራሱን ማሳየት አለበት፣ ቀለም ማለት መሸፋፈን ነው። የዛሬው "ተፈጥሯዊና የተረጋጋ" የሚለው ስም መነሻው ይሄ ነው፣ ከሙያ ክብር የመጣ እንጂ ከእርጋታ ፍልስፍና ምናምን አይደለም።

ከእንጨት ሰሪዎቹ መሀል ቀድሞ ያፈነገጠው ፊን ዩል ነው። እሱ አርክቴክት እንጂ አናጺ አይደለም፣ የክሊንት ተማሪም አልነበረም፣ እና ያ ሳይጠቅመው አልቀረም፣ እንጨት ምን እንደማይችል በደንብ ስለማያውቅ የማይቻል የሚመስል ነገር ይስልና ኒልስ ቮደር የሚባለውን ባለሙያ ያስጨንቀዋል። በ1940 ያቀረበውን ፔሊካን የሚባል ወንበር ያዩ ተቺ ከደከመ ዋልረስ ጋር አመሳስለውታል (ዋልረስ ማለት ያ ትልልቅ ጥርስ ያለው የሰሜን ዋልታ የባህር እንስሳ ነው)። በ1949 ያቀረበው ትልቁ "የአለቃ ወንበር" ላይ ደግሞ የክንድ ማሳረፊያዎቹ እንደ ጋሻ ተዘርግተዋል፣ መቀመጫው ከእንጨቱ ተላቆ አየር ላይ የተንሳፈፈ ይመስላል። የዩል ትልቁ ሀሳብ ይሄ ነው፣ የሚሸከመውን እንጨት ከላዩ ካረፈው መቀመጫ መለየት።

ቀለምም ላይ ቀደም ያለ ሰው ነው። ኒውዮርክ በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት ዋና መሥሪያ ቤት የባለአደራ ምክር ቤት አዳራሽ ዴንማርክ የሰጠችው ስጦታ ሲሆን የውስጥ ዲዛይኑ የእሱ ነው፣ እዛ ጣሪያ ላይ መብራትና አየር ማስገቢያውን የሚሸፍኑ በተለያየ ደማቅ ቀለም የተቀቡ ሳጥኖች ደርድሯል። (ይሄ በጣልያን ሞግዚትነት ስር የነበረችው ሶማሊያ ጉዳይ ይታይበት የነበረው ምክር ቤት ነው፣ የኛ ጎረቤት ዕጣ የተነጋገሩት እንደዛ ባለ ባለቀለም ጣሪያ ስር መሆኑ ራሱ የሆነ ነገር አለው።) ቢሆንም ዩል የሚሰራው አሁንም በእንጨት ነው፣ በእንጨት ደግሞ የሚኬደው እስከተወሰነ ድረስ ነው።

ኮምፔንሳቶው ሲታጠፍ

ቀጥሎ የመጣው አርነ ያኮብሰን የሚባለው አርክቴክት ነው። በ1952 ኖቮ ለሚባለው የመድኃኒት ፋብሪካ ካንቲን ብሎ ያወጣት "ጉንዳን" የምትባለው ወንበር መቀመጫና መደገፊያዋ አንድ ነው፣ ከአንድ የታጠፈ ኮምፔንሳቶ የተሰራ፣ ከስሩ ሦስት ቀጫጭን የብረት እግር። ኮምፔንሳቶ ማለት ያው እንደምታውቁት ስስ የእንጨት ንጣፎች በኮላ ተደራርበው፣ እዚህ ላይ ደግሞ ሞልድ (ቅርጽ ማውጫ) ውስጥ ገብተው በሙቀት ተጨፍልቀው ማለት ነው።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ወገቧ ለምን እንደዛ ቀጠነ ብሎ ነው፣ ለውበት ይመስላል። አንድ ወረቀት ውሰዱና ወደ ላይ አጥፉት፣ ችግር የለም። አሁን ሳትለቁት ግራና ቀኙንም ወደ ውስጥ እጠፉት፣ ማጠፊያው ጥግ ላይ ይጨማደዳል። ኮምፔንሳቶም እንደዛው ነው፣ በሁለት አቅጣጫ አንዴ ሲታጠፍ የሚጨናነቀው ቦታ ላይ ይሰነጠቃል። ታዲያ መፍትሔው ምንድነው፣ የሚሰነጠቀውን ቦታ ቆርጦ መጣል። የቀጠነው ወገብ እንግዲህ የተጣለው እንጨት ቦታ ነው፣ ውበቱ ከችግሩ ጋር አብሮ ነው የመጣው። በ1955 የወጣው "ሰቨን" የሚባለው ሞዴል ይሄንኑ ሀሳብ ሰፋ አድርጎ ይዞት መጣና የፍሪትስ ሃንሰን ፋብሪካ እስከዛሬ ድረስ አላቆመውም።

እዚህ ላይ ከቀለም አንጻር ትልቅ ነገር ተፈጠረ፣ ግን በወቅቱ ብዙ ሰው ልብ ያለው አይመስለኝም። ወንበሩ ላይ የሚታይ መጋጠሚያ የለም። የሚታይ መጋጠሚያ ከሌለ ቀለም የሚደብቀው ሙያ የለም። ስለዚህ ያንኑ ቅርጽ በጥቁርም በነጭም በቀይም ብትቀባው ማንም እንጨት ሰሪ ቅር አይለውም፣ እንደውም ሙልጭ ያለው ገጽ ቀለም ካላገኘ ባዶ ይመስላል።

የ1958ቱ "እንቁላል" እና "ዝይ" (ስሟ እንኳን ስዋን ነው፣ ረጅም አንገት ያላት ነጯ የውሃ ወፍ) ደግሞ እንጨትን ጨርሶ ትተውታል። ለኮፐንሃገኑ ሳስ ሮያል ሆቴል የተሰሩ ናቸው፣ ሆቴሉ በ1960 ተከፈተ፣ ያኮብሰን ከሕንጻው እስከ ማንኪያው ድረስ የነደፈው እሱ ነው። ቴክኒኩ የመጣው ሄንሪ ክላይን ከሚባል ኖርዌያዊ ነው፣ ጠንካራ ፎም ሞልድ ውስጥ እንዲነፋ ይደረግና ቅርፊት ይሆናል፣ ከላዩ ስፖንጅ፣ ከዛ ጨርቅ ወይም ቆዳ። የእንጨት አጽም የለም፣ ምስማር የለም። ዲዛይነሩ ቅርጹን እንደ ቀራጺ በጭቃና በጀሶ እያሻሸ ነው ያወጣው፣ ያ ደግሞ በማስመሪያ ተስሎ የሚመጣ ቅርጽ አይደለም። ከሆቴሉ ክፍሎች ውስጥ 606 ቁጥር ብቻ እንደ መጀመሪያው ሆኖ ተጠብቋል፣ እዛ የገባ ሰው የሚያየው ሰማያዊና አረንጓዴ የተቀላቀለበት ቱርኩዋዝ ነው። ያ ክፍል ብቻውን "ዴንማርክ ቤዥ ናት" ለሚለው በቂ መልስ ይመስለኛል።

ቀዩ ማረፊያ

ያኮብሰን ቢሮ ውስጥ ከ1950 እስከ 1952 ይሰራ የነበረ ቬርነር ፓንቶን የሚባል ወጣት ነበር። በ1926 ፉን በምትባለው ደሴት የተወለደ። አባቱ እዛው ደሴት ላይ "ኮም ኢገን" የሚባል ማረፊያ ነበራቸው (ትርጉሙ "እንደገና ይምጡ" ነው) እና በ1958 ልጃቸውን አስፋፋልን አሉት። ልጁ ግድግዳውን፣ ጠረጴዛ ልብሱን፣ የአስተናጋጆቹን ልብስ፣ ወንበሩን፣ ሁሉንም ቀይ አደረገው፣ ከፈዘዘ ቀይ እስከ ጥቁር የሚመስል ቀይ ድረስ። አንድ ቀይ ወንበር ነጭ ክፍል ውስጥ ማስቀመጥና ክፍሉን በሙሉ ቀይ ማድረግ አንድ አይደለም፣ የመጀመሪያው ጌጥ ነው፣ ሁለተኛው ግን ውስጡ የምትገቡበት ነገር ነው፣ ጥላው እንኳን ቀይ ይሆናል።

ለዛ ቤት የሰራው ወንበር "ኮን" ይባላል። የሞሰብ ክዳን ገልብጣችሁ በጫፉ ብታቆሙት በግምት እሱን ይመስላል፣ ሹል ወደ ታች፣ ሰፊው ወደ ላይ፣ ከዛ አንዱ ጎን ከፍ ብሎ መደገፊያ ይሆናል። ከስስ ብረት ተጠቅልሎ፣ ስፖንጅ ለብሶ፣ በጨርቅ ተሸፍኖ፣ መስቀል ቅርጽ ያለው የብረት ማቆሚያ ላይ ይሽከረከራል። አራት እግር የለም፣ መቀመጫና መደገፊያ የሚለው ልዩነት ራሱ የለም። ኒውዮርክ ውስጥ ሱቅ መስኮት ላይ ሲቀመጥ ሰው ተሰብስቦ መንገድ ስለዘጋ ፖሊስ አንሱት አለ ይባላል፣ ታሪኩ ትንሽ ጨው ተጨምሮበት ሊሆን ይችላል ግን ወንበሩን ላየ ሰው አይገርምም። በ1959 ልብ የሚመስለው ወንድሙ ተከተለ።

አንድ ቁራጭ ወንበር

የፓንቶን ስም የተከለው ግን በራሱ ስም የሚጠራው የፕላስቲክ ወንበር ነው። ሀሳቡ እንዲህ ነው፣ ወንበር ከአንድ ነገር፣ በአንድ ጊዜ፣ ያለምንም መጋጠሚያ ይውጣ፣ የኋላ እግርም አይኑረው። ይሄ የመጨረሻው "ካንቲሊቨር" ይባላል፣ አንድ ጫፉ ብቻ ተይዞ ሌላው አየር ላይ የሚንጠለጠል ነገር ማለት ነው፣ ልክ እንደ በረንዳ። ከኋላ የሚደግፈው ስለሌለ የተቀመጠው ሰው ክብደት በሙሉ የሚያርፈው መቀመጫው ወደ መሬት በሚጠማዘዝበት ከፊት በኩል ባለው እጥፋት ላይ ነው።

ስዕሉ በ1960 አካባቢ ዝግጁ ነበር፣ አምራች ግን ለዓመታት አልተገኘም። በመጨረሻ ቪትራ የሚባለው የስዊዘርላንድ ቤተሰብ ድርጅት ተቀበለውና በ1967 ለሕዝብ ቀረበ። ከዛ በኋላ ያለው የማቴሪያል ታሪክ ነው፣ ብዙ ሰው የማያውቀውም ይሄን ነው። የመጀመሪያዎቹ በፋይበርግላስ ተጨፍልቀው ተሰሩ፣ ከባድና ብዙ የእጅ ሥራ የሚፈልጉ ነበሩ። ቀጥሎ ጠንካራ የፖሊዩሬታን ፎም ተሞከረ፣ ጥሩ ነበር ግን እየተሞላ፣ እየታሸ፣ ከላይ ቀለም እየተረጨ ስለሆነ ዋጋው አልወርድ አለ። በ1971 ወደ "ኢንጀክሽን ሞልዲንግ" ተገባ፣ ይሄ ማለት የቀለጠ ፕላስቲክ በከፍተኛ ግፊት ብረት ሞልድ ውስጥ ገብቶ ቀዝቅዞ ያለቀለት ዕቃ ሆኖ የሚወጣበት መንገድ ነው። የዛን ጊዜዎቹን ወንበሮች ገልብጣችሁ ብታዩ እጥፋቱ ስር የጎድን አጥንት የመሰሉ ሽንሽኖች ታያላችሁ፣ ቦታው ደካማ ስለሆነ የተጨመሩ ናቸው። እነሱም አላዳኑትም፣ ፕላስቲኩ እያረጀ መሰበር ጀመረና በ1979 ማምረቱ ቆመ። ተመልሶ የመጣው በፎሙ ነው፣ ከዛ በ1999 ፖሊፕሮፒሊን በሚባለው ፕላስቲክ በርካሽ መመረት ጀመረ። ፓንቶን ራሱ ያረፈው በ1998 ነው።

ለቀለም ደግሞ ኢንጀክሽን ሞልዲንግ ሌላ በር ከፍቷል። ቀለሙ ከላይ አይቀባም፣ ከፕላስቲኩ ፍሬ (ሊቀልጥ ከሚገባው ጥቃቅን እንክብል) ጋር ተቀላቅሎ አብሮ ይቀልጣል፣ ስለዚህ ወንበሩ ቢፋቅም ከውስጥ የሚወጣው ያው ቀይ ነው። ቀለም የሌለው ወንበር ማምረት ከቀይ ወንበር አይቀልም፣ የሆነ ቀለም መመረጥ አለበት። እንጨት ላይ ቀለም ተጨማሪ ነበር፣ እዚህ ግን የግዴታ ውሳኔ ነው።

ይሄ ሁሉ ሩቅ የሚመስለው ሰው ካለ፣ እኛ አገር በየሰርጉና በየለቅሶው ድንኳን እድሩ የሚደረድረው የፕላስቲክ ወንበር የዚሁ ቤተሰብ ልጅ ነው። አንድ ቁራጭ፣ በአንድ ግፊት፣ በደቂቃ ገደማ የሚወጣ፣ ፈረንጆች "ሞኖብሎክ" የሚሉት፣ ፈረንሳዊው ሄንሪ ማሶኔ በ1972 ካወጣው ሞዴል በኋላ ዓለምን የሞላ። የፓንቶን ቀጥታ ኮፒ አይደለም፣ አራት እግር አለው፣ መደገፊያው ላይ ቀዳዳ አለው (ቀዳዳው ፕላስቲክ ይቆጥባል፣ ዝናብም አይይዝም) ግን የጠየቀው ጥያቄ ያው ነው፣ ወንበር ከአንድ ቁራጭ ይወጣል ወይ የሚለው። ልዩነቱ ፓንቶን የኋላ እግር አልፈልግም ስላለ ወፍራምና ውድ ሆነ፣ ሞኖብሎኩ አራቱን እግር መልሶ ሲቀበል ስስና ርካሽ ሆነ። ለዴሞክራሲያዊ (ማንም ሊገዛው ለሚችል) ወንበር ሲባል የተለፋው ልፋት ግቡን የመታው ሙዚየም ውስጥ ሳይሆን ድንኳን ውስጥ ነው ቢባል ማጋነን አይመስለኝም።

ቀለሙ ያለው ጨርቁ ላይ ነው

ስለ ወንበር ሲወራ ጨርቁ ይረሳል። ናና ዲትሰል ከባሏ ጋር ሆና በ1950ዎቹ መጨረሻ ላይ ከጣሪያ የሚንጠለጠለውን የሸምበቆ ወንበር የሰራችው ሴት ናት፣ በ1962 ደግሞ ለልጆች የክር ማጠንጠኛ የሚመስል ዱካ በደማቅ ቀለም አወጣች፣ ልጅ እያንከባለለ የሚጫወትበት። ግን ከሁሉም በላይ ብዙ ሰው ሳያውቀው የነካው ሥራዋ በ1965 የነደፈችው ሃሊንግዳል የሚባለው የሶፋ ጨርቅ ነው፣ ክቫድራት የሚባለው የዴንማርክ ድርጅት ዛሬም ይሸጠዋል። ወፍራም ሱፍ ነው፣ ግን ሱፍ ብቻ አይደለም፣ ቪስኮስ (ከእንጨት የሚሰራ የሚያብለጨልጭ ክር) ተቀላቅሎበታል። ሱፉ ቀለሙን ይጠጣል፣ ቪስኮሱ ደግሞ ብርሃኑን መልሶ ይረጫል፣ ቀዩ ከሩቅ የሚጮኸው ለዚህ ነው።

ይሄ ነገር አንድ መዘዝ አለው። ጨርቅ ከአጽሙ በፊት ያልቃል። በ1960 የተገዛ ወንበር እንጨቱ ወይም ቅርፊቱ ዛሬም ደህና ሊሆን ይችላል፣ ጨርቁ ግን ቢያንስ አንዴ ሁለቴ ተቀይሯል፣ የቀየረው ሰው ደግሞ በዛን ሰዓት ፋሽን የሆነውን ነው የሚመርጠው። ዛሬ ጨረታ ላይ ግራጫ ለብሶ የምናየው ወንበር ሲወለድ ግራጫ ነበር ማለት አይደለም።

ታዲያ ቤዡ ከየት መጣ

አንድ ምክንያት ብቻ የለም፣ ግን ከጨርቁ በተጨማሪ ሁለት ነገር ጎልቶ ይታየኛል።

ዋናው ገበያው ነው። ከ1954 እስከ 1957 "ዲዛይን ኢን ስካንዲኔቪያ" የሚባል ተጓዥ ኤግዚቢሽን አሜሪካና ካናዳን ዞሯል፣ አራት አገሮች አንድ ላይ ሆነው ዕቃቸውን ያሳዩበት። እዛ የተሸጠው ነገር ወንበር ብቻ አልነበረም፣ ታሪክም አብሮ ተሽጧል፣ የእጅ ሙያ፣ ተፈጥሯዊ እንጨት፣ ቤተሰባዊ ሙቀት የሚል። ልብ በሉ፣ ይሄ የሆነው ከኮን ወንበር በፊት ነው። ስሙ የተለጠፈው ቀለሙ ሳይመጣ ነው ማለት ነው፣ አንዴ የተለጠፈ ስም ደግሞ በቀላሉ አይላቀቅም። "ስካንዲኔቪያን" የሚለው ቃል ራሱ ለሽያጭ የተሰፋ ጃኬት ነው፣ ስዊድንን ፊንላንድን ዴንማርክን በአንድ መጠን ያለብሳል።

ሌላው ፎቶው ነው። የዛ ዘመን የዲዛይን ፎቶ ብዙው ጥቁርና ነጭ ነው። ጥቁርና ነጭ ፎቶ የመስመርን ጥራት ያሳያል፣ የቬግነርን ወንበር ያሳምረዋል፣ የፓንቶንን ግን ግማሹን ይገድለዋል። በነዚህ ፎቶዎች ያደገ ትውልድ ዴንማርክን በመስመር እንጂ በቀለም አለማስታወሱ አይገርምም።

ከሃዲ ወይስ ወራሽ

ፓንቶንን በተመለከተ ክርክሩ እስካሁን አልበረደም። አንዱ ወገን ፓንቶን የዴንማርክ ዲዛይነር የሚባለው በፓስፖርት ነው ይላል፣ የኖረው ብዙውን ጊዜ ስዊዘርላንድ፣ ያመረቱለት ስዊስና ጀርመን፣ በ1970 ኮሎኝ ላይ መርከብ ውስጥ የሰራውን ያን ዋሻ የመሰለ ባለቀለም ክፍል የከፈለበት የኬሚካል ፋብሪካ የሆነው ባየር ነው። በዚህ ዓይን ሲታይ ከእንጨት ሰሪዎቹ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፣ ዕቃውም ሸቀጥ ነው፣ ሃምሳ ዓመት አይቆይም። የ1979ኙ መሰባበር ለዚህ ወገን ጥሩ ማስረጃ ነው።

ሌላው ወገን ደግሞ ሰንሰለቱን ይቆጥራል፣ ዩል የሚሸከመውን ከላዩ ካረፈው ለየ፣ ያኮብሰን መቀመጫና መደገፊያውን አንድ አደረገ፣ ፓንቶን እግሩንም ከነሱ ጋር አንድ አድርጎ ጨረሰው፣ ያውም ያኮብሰን ቢሮ ውስጥ ቁጭ ብሎ የተማረ ሰው።

ሚዛን ላይ ሲቀመጥ ሁለተኛው ይከብዳል፣ ግን አንድ ነገር ላይ የመጀመሪያዎቹ ልክ ናቸው። ክሊንት ቤት ሰው ተለክቶ ነው ወንበር የሚሰራው። ፓንቶን ጋ ሲደረስ ወንበሩ የሰውየውን ስሜት እንጂ የጀርባውን ርዝመት ብዙም አይጠይቅም፣ ሰው ደስ የሚለው ቀለም ላይ ሲቀመጥ የበለጠ ይመቸዋል ብሎ የሚያምን ሰው ነበር። ኮኑ ላይ ሁለት ሰዓት መቀመጥና የቬግነር ወንበር ላይ ሁለት ሰዓት መቀመጥ እኩል ነው ብሎ የሚከራከር ያለ አይመስለኝም።

ኮፒው፣ ሕጉ እና ቀጥሎ የሚመጣው

ይሄ ሁሉ አሁን ለምን ይነሳል ከተባለ ዋናው ምክንያት ኮፒ ነው። ኦክቶበር 2024 ላይ የአውሮፓ ህብረት ፍርድ ቤት ቪትራ፣ ክቫንቱም የሚባለውን የኔዘርላንድና የቤልጂየም የሱቅ ሰንሰለት በከሰሰበት ጉዳይ ላይ ውሳኔ ሰጥቷል። ወንበሩ የአሜሪካኖቹ የኢምስ ባልና ሚስት እንጂ የዴንማርክ አልነበረም፣ ጥያቄውም የአውሮፓ አገር "የናንተ አገር ለወንበር ኮፒራይት ስለማይሰጥ እኛም አንሰጣችሁም" ማለት ይችላል ወይ የሚል ነው። አይችልም ተባለ። በተግባር ሲታይ አውሮፓ ውስጥ ኪነ ጥበባዊ ነው የተባለ ወንበር ነዳፊው ከሞተ በኋላ ለ70 ዓመት ሊጠበቅ ይችላል፣ የየትም አገር ይሁን። እንግሊዝ ቀደም ብላ በ2016 ሕጓን ቀይራ ነበር፣ ከዛ በፊት በፋብሪካ የተመረተ ዕቃ ጥበቃው ከ25 ዓመት በኋላ ያልቅ ስለነበር የ"እንቁላል" ኮፒ በግልጽ ይሸጥ ነበር። የታወቀው የ1963ቱ የክሪስቲን ኪለር ፎቶ ላይ (በእንግሊዝ የፖለቲካ ቅሌት ስሟ የገነነ ሞዴል ናት) ያለው ወንበር ራሱ የያኮብሰን "ሰቨን" አይደለም፣ ኮፒ ነው፣ መደገፊያው ላይ የእጅ መያዣ ቀዳዳ ተቆርጦበታል። ኮፒው ከኦሪጅናሉ በላይ ስም አውጥቶለታል ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ ኮፒ ሁልጊዜ ጉዳት ነው የሚለው ክርክር ያን ያህል ቀላል አይደለም።

የመብት ባለቤቶቹ የሚሉት ርካሹ ኮፒ ስፖንጁ ይረግባል፣ ብረቱ ይጣመማል፣ ገዢው ይታለላል ነው፣ ብዙ ጊዜ እውነት ነው። የሌላው ወገን ጥያቄ ደግሞ እንዲህ ነው፣ ለካንቲን ተብሎ፣ ለብዙ ሰው ተብሎ የተነደፈ ወንበር ለምን ዛሬ የቅንጦት ዕቃ ሆነ? ይሄም የሚናቅ ጥያቄ አይደለም፣ በተለይ ፓንቶን ላይ፣ ምክንያቱም የሰውየው ሙሉ ልፋት ወንበሩ እንዲረክስ ነበር።

በሂሳቡ ከሄድን ያኮብሰን የሞተው በ1971 ስለሆነ ጥበቃው እስከ 2041 መጨረሻ ይሄዳል፣ የዩል እስከ 2059፣ የፓንቶን እስከ 2068፣ በ2007 የሞተው ቬግነር ደግሞ እስከ 2077። "ጉንዳን"ና "እንቁላል" ቀድመው ነጻ ይወጣሉ፣ አውሮፓ ውስጥም ሕጋዊ ርካሽ ቅጂ የሚበዛው መጀመሪያ በነሱ ነው። እስከዛ ድረስ ግን አምራቾቹ ቅርጹን መቀየር ስለማይችሉ (ቅርጹ ነው ገንዘቡ) አዲስ ነገር አመጣን የሚሉት በቀለም ነው። ፍሪትስ ሃንሰን በ2020 የያኮብሰንን የኮምፔንሳቶ ወንበሮች ጣልያናዊቷ የጋለሪ ባለቤት ካርላ ሶዛኒ በመረጠቻቸው 16 ቀለሞች አውጥቷቸዋል፣ ቪትራም የፓንቶንን በ2018 ጨለማ ውስጥ የሚያበራ አድርጎት ነበር። የሚቀጥለው ዓመት ቀለም ቤዥ ሊሆን ይችላል፣ ብርቱካናማም ሊሆን ይችላል፣ ሞልዱ ግን ያው ሞልድ ነው፣ ከላይ የሚጨመረው ፍሬ ብቻ ነው የሚቀየረው።